ሙሉ ቀን እየሠሩ ልጅን በቤት ስለ ማስተማር
(ለጥናት ክበብ የቀረበ፣ ከሹቀይቅ የተገኘ ልምድ)

ባለፉት የጥናት ክበብ ስብሰባዎቻችን ስለ ስደተኛው ወገናችን ብዙ ተነጋግረናል። ስለ ደመወዙ፣ ስለ አሠሪው፣ ስለ እስሩና ስለ መባረሩ ያልተባለ የለም። ስለ ልጆቹ የተባለው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ብቻ አነሣለሁ። ይኸውም፦ ከጧት እስከ ማታ በሰው ቤት ጉልበቱን ሲሸጥ የሚውል ወላጅ፣ ትምህርት ቤት ሊገባ ያልቻለ ልጁን በቤቱ ማስተማር ይችላልን? የሚችል ከሆነስ በምን ዘዴ? የሚለው ነው። መልሴ «ይችላል» የሚል ነው። መልሱን ያገኘሁት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ስለሆነ፣ እንደ ክበባችን ልማድ ግለ ሂሱንም አብሬ አቀርባለሁ። እኔ የሕክምና ተማሪ እንጂ መምህር አለመሆኔንም አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

አሽ-ሹቀይቅ በጂዛን ክልል በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጂዛን ከተማ ተነሥቶ ባሕሩን በግራው አድርጎ ወደ ጂዳ አቅጣጫ የሚጓዝ መንገደኛ ያገኛታል። የባሕር ውሃን ጨው አስወግደው ለጂዛንና ለአሲር ሕዝብ የሚልኩ፣ ኤሌክትሪክም የሚያመነጩ ታላላቅ ተቋማት በዚያ አሉ። ከከተማው አልፎ የሚታየው አሸዋና ባሕር ነው። ጂዛን ከየመን ጋር የሚዋሰን ክልል በመሆኑ፣ ከወሎና ከሌላውም የአገራችን ክፍል ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ደርሶ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ ያቋረጠ ወገናችን መጀመሪያ የሚረግጠው የሳዑዲ መሬት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የሚበዛው ወደ ጂዳና ወደ ሪያድ ያልፋል። የቀረው ደግሞ በዘበኝነት፣ በእረኝነት፣ በቤት ሠራተኝነት እዚያው ይሰነብታል። ይጋባል፣ ይወልዳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። በካፋላ ሥርዓት የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ቤተሰብ ይዞ ለመኖር የሚሰጠው ፈቃድም የሥራውን ዐይነትና የደመወዙን መጠን ተመልክቶ ነው እንጂ፣ ለቤት ሠራተኛና ለእረኛ የሚታደል አይደለም። ፈቃዱን ላገኘውም ቢሆን ቀላል አልሆነም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በእያንዳንዱ ጥገኛ የቤተሰብ አባል ላይ በወር 100 ሪያል ክፍያ ተጣለ፤ በየዓመቱም እየጨመረ በ2020 በወር 400 ሪያል ደረሰ። ሦስት ልጆች ላሉት አባት ይህ በወር 1,200 ሪያል ነው። ከዘበኛ ደመወዝ ይህን ቀንሶ የሚተርፈውን እያንዳንዳችን ማስላት እንችላለን። የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ትምህርት ቤት ያለው በጂዳና በሪያድ ነው። ቅርብ የሚባለው የጂዳው እንኳ ከሹቀይቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

እንግዲህ ይህን ሁኔታ በአንድ ቤት ውስጥ እንመልከተው። ስማቸውንም፣ ቤታቸው የት እንደሆነም አልጽፍም፤ ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናቲቱ ወሎ ተወልዳ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። ከጧቱ 1 ሰዓት ወጥታ በሰው ቤት ስታጸዳና ስታበስል ውላ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ትመለሳለች። አባትየው ሌሊት ዘበኛ ስለሆነ ቀን ይተኛል። ልጅቱ ስምንት ዓመቷ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የላትም፣ በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤትም ተጠይቆላት «ወረቀት» ተብላ ተመልሳለች። ቀኑን ሙሉ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ፣ ድምፁን ቀንሳ፣ አባቷን ላለመቀስቀስ ትጠነቀቃለች። አረብኛን ከቴሌቪዥኑ፣ አማርኛን ከእናቷ ታውቃለች። ሳገኛት አንድም ፊደል አትለይም ነበር።

እኔና አንድ ጓደኛዬ በየሳምንቱ ዓርብ ሄደን ለማስተማር ወሰንን። ለመጀመሪያው ቀን የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መጻሕፍት አሳትመን፣ ሰሌዳ ገዝተን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አስተማርናት። ልጅቱ ደስ አላት፣ እኛም ደስ አለን። በሚቀጥለው ዓርብ ስንመለስ ከተማረችው የቀራት እጅግ ጥቂት ነበር። እንደገና ሦስት ሰዓት። ይህን ለሰባት ሳምንት ያህል ቀጠልንበት፤ ውጤቱ ግን የአሸዋ ላይ ጽሕፈት ሆነ።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን እናቲቱ ቀደም ብላ በደብተሩ ላይ የጻፈችላትን አየሁና፣ «ሥራ» በእሳቱ ሰ መጻፉ ስሕተት ነው፣ በንጉሡ ሠ ነው ብዬ በልጅቱ ፊት አረምኩት። እናቲቱ ዝም አለች። ስንወጣ እስከ በሩ ሸኘችንና እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድምዓለም፣ አትቀየመኝ። እናንተ መጥታችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ልጄ እኔን አላዋቂ አድርጋ ነው የምታየኝ። ስድስቱን ቀን ከእሷ ጋር ያለሁት እኔ ነኝ።»

መልስ አልነበረኝም። «ልክ ነሽ፣ እታለም» ብዬ ወጣሁ። ወደ ጂዛን እስክንደርስ ሁለታችንም አልተነጋገርንም።

ስሕተታችን ሁለት ነበር። የመጀመሪያው የጊዜ አጠቃቀም ነው። ሄርማን ኤቢንግሀውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው አዲስ የተማረውን አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን፣ አንድን ነገር በአንድ ቀን ደጋግሞ ከማጥናት ይልቅ በተለያዩ ቀናት አከፋፍሎ ማጥናት እንደሚሻል በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ምርምሮች ይህንኑ አጽንተዋል። እኛ ለፈተና ስናጠና የምናውቀውን ይህን ነገር ለስምንት ዓመት ልጅ ስንሆን ረሳነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ሦስት ሰዓት፣ በየቀኑ የሚሰጥ ሩብ ሰዓት ይበልጣል፤ በድምሩ ግማሽ ያህሉን ጊዜ እየወሰደ ይበልጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የመምህሩ ማንነት ነው። እኛ ራሳችንን መምህር፣ እናቲቱን ተመልካች አደረግን። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በየቀኑ ልጁ አጠገብ ያለ ሰው ነው መምህሩ። የተማሪው ድርሻ ይህን መምህር መርዳት ነው፤ ይህም ማለት ገበታውን ማዘጋጀት፣ ያልገባውን በስልክ ማስረዳት፣ ሲደክመው ማበርታት ነው። «ለሰፊው ሕዝብ ማስተማር» የሚለውን ቃል አፋችን ላይ ስናመላልስ፣ ከሕዝቡ ምን ያህል እንደምንማር መዘንጋታችን የቆየ በሽታችን ነው።

ሥራን ከትምህርት ጋር ማስኬድ ለሕዝባችን አዲስ ነገር አይደለም። በወሎ የቁርአን ትምህርት ቤት ልጆች ቀን ከብት ጠብቀው ጎሕ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ በእሳት ብርሃን ሰሌዳቸውን ይዘው ይቀሩ ነበር። የቆሎ ተማሪውም ቀለቡን ለምኖ፣ ውሃ ቀድቶ፣ እንጨት ለቅሞ ነው የሚማረው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በፖለቲካው በኩል የሚወቀስበት ብዙ ቢሆንም፣ ገበሬው ከእርሻ፣ ሠራተኛው ከፋብሪካ ሲመለስ የሚማርበትን ሰዓት ፈልጎ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ይህም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ሽልማት አስገኝቶለታል። ትምህርቱ የሥራውን ሰዓት ተከትሎ ሄደ እንጂ፣ ሥራው ትምህርቱን አልጠበቀም።

ስለዚህ እኛም ከእናቲቱ ጋር ቁጭ ብለን ቀኗን ቆጠርነው። ለሱብሒ ሶላት ትነሣለች። ልጅቱ 12 ሰዓት ላይ ትነቃለች። እናትየው እስክትወጣ ድረስ አንድ ሰዓት አለ፤ ከዚያ ውስጥ ቁርስና ልብስ ሲቀነስ ሩብ ሰዓት ይገኛል። ማታ ደግሞ ስትመለስ ቡና ታፈላለች። በእኛ በኩል አንድ ነገር ብቻ አጥብቀን ተናገርን፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ የጎደለው ልጅ የተማረውን አይዝም፤ ስለዚህ እናት እስክትመለስ አምሽቶ፣ ከዚያም እስከ እኩለ ሌሊት ማጥናት ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው። ልጅቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እንድትተኛ ተስማማን።

የጧቱ ሩብ ሰዓት ለአዲስ ነገር ሆነ። የማታውን ግን እናቲቱ ራሷ ፈለሰፈችው፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ በየትኛውም የትምህርት መጽሐፍ አላየሁም። አቦሉ ሲቀዳ የዛሬው ይጠየቃል፣ ቶናው ሲቀዳ የትናንቱ፣ በረካው ሲቀዳ ያለፈው ሳምንት። ያለ አንዳች ደብተር፣ ያለ አንዳች ቁጣ። ኤቢንግሀውስ ቡና ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ ያሰኛል።

አሁን ወደ ፊደሉ። የአማርኛ ፊደል 33 መደብ በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል። ዲቃሎቹን ሳንቆጥር ነው። ይህን ቁጥር ሲሰማ የሚደነግጥ ወላጅ አለ። ነገር ግን ልጁ የሚሸከመው 231 የተለያየ ሥዕል አይደለም። ካዕቡ በአብዛኛው በቀኝ ወገቡ ላይ ትንሽ እጅ ያወጣል፣ ሣልሱ እጁን እግሩ ሥር ያደርጋል፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፣ ራብዑ አንድ እግሩን ያረዝማል ወይም ሌላውን ያሳጥራል። ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤን ያየ ልጅ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌን ራሱ ይገምታል። አስቸጋሪዎቹ ሳድሱና ሳብዑ፣ እንዲሁም እንደ ሩና ፉ ያሉት ከሕጉ የወጡ ናቸው፤ እነሱን ለብቻቸው ማስያዝ ነው።

እናቲቱ የምታውቀው በዜማ «ሀ ሁ ሂ» ማስባሉን ነበር። እኔ በመጀመሪያ ይህን ኋላ ቀር ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ ንቀቴ ግን ከግማሽ በላይ ስሕተት ነው። ዜማው ለማስታወስ ይረዳል። ጉድለቱ ልጁ በቃሉ እያለ ፊደሉን አለማየቱ ነው። ይህንንም ቢሆን አባቶች ቀድመው አውቀውታል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚባለው ለምን ይመስላችኋል? ተራውን አፋልሶ፣ በቃል የሸመደደውን ልጅ ዐይኑን እንዲከፍት ለማስገደድ ነው። እናቲቱ በስንደዶ ፋንታ የሻይ ማንኪያ ይዛ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየጠቆመች ትጠይቃታለች።

ከፊደሉ ጎን ቃላት ወዲያው መግባት አለባቸው። በቡናው ቆርቆሮ ላይ «ቡና»፣ በበሩ ላይ «በር»፣ በውሃው ጀሪካን ላይ «ውሃ» ተጽፎ ተለጠፈ። ስለ ሰ እና ሠ፣ ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ስለ አ እና ዐ፣ ስለ ጸ እና ፀ ደግሞ ከአሁኑ ራስን ማስጨነቅ አያስፈልግም። ልጁ ይለያቸው፣ ያንብባቸው፤ አጻጻፉ ከርሞ ይስተካከላል። (እኔም ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ታርሜያለሁ።) ከከሚሴና ከባቲ የመጡ፣ በቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ቤተሰቦችም አሉ። ኦሮምኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የፊደሉ ትምህርት የተለየ ይሆናል፣ የጊዜው አከፋፈልና የቡናው ዘዴ ግን ያው ነው። ልጅን ቤት በሚነገርበት ቋንቋ ማስጀመር ይገባል። ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል ብሎ መፍራትም አያስፈልግም፤ ልጆች ሁለትና ሦስት ቋንቋ ያለ ጉዳት ይይዛሉ።

በቁጥር በኩል አንድ ያልጠበቅነው እንቅፋት አጋጥሞናል። ልጅቱ ከሱቅ የሚመጣውን ደረሰኝ እያየች የአረቦቹን አኃዝ በዐይኗ ለምዳለች። የእነሱ አምስት እንደ እኛ ዜሮ ክብ ነው፤ ዜሯቸው ነጥብ ነው፤ ስድስታቸው ደግሞ የእኛን 7 ይመስላል። ስለዚህ 50 ጽፈንላት ግራ ስትጋባ ሞኝ መስላን ነበር። ልጅቱ ሞኝ አልነበረችም፣ ሁለት ሥርዓት እያነበበች ነበር። መፍትሔው ሁለቱን አኃዝ ጎን ለጎን ጽፎ ግድግዳ ላይ መስቀል ሆነ። መደመርና መቀነሱን ደረሰኙ ራሱ ያስተምራል፦ ዳቦ ስንት፣ ወተት ስንት፣ ከ20 ሪያል መልሱ ስንት?

ቀኑስ? አባት ተኝቷል፣ ልጅ ብቻዋን ናት። አንድ ገጽ ግልበጣ ተሰጥቷት ትጽፋለች። የክበባችን አባላት ደግሞ በተራ አምስት አምስት ደቂቃ ተረት በስልክ ቀድተን እንልካለን። አባትየው ከመተኛቱ በፊት ስልኩን ይሰጣታል። በዚህ አጋጣሚ በሕክምናው በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ፀሐይ በማይታጣበት በዚህ አገር እንኳ ከቤት የማይወጣ ልጅ የቪታሚን ዲ እጥረት ይይዘዋል፤ ሲብስ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይቆለመማል። ከቤት ውጪ የሚያሳልፈው ጊዜ ዐይኑንም ከቅርብ አያይነት ይጠብቃል። ሙቀቱ ሳይበረታ ጧት ወይም ወደ ማታ ገደማ፣ ሰገነት ላይም ቢሆን፣ ልጁ ይውጣ። «ትምህርት አይገባውም» የሚባል ልጅ ከመወቀሱ በፊትም አንድ ዐይኑን በእጁ ሸፍኖ በሌላው ከሩቅ እንዲያነብ ይደረግ፣ ከኋላው በሹክሹክታ ይጠራ። አለማየቱ ወይም አለመስማቱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ስል የቤት ትምህርት የትምህርት ቤትን ቦታ ይተካል ማለቴ አይደለም። የእኩዮች ጨዋታ፣ የሳይንስ ትምህርት፣ የክፍል ደረጃ በአንዲት እናት ሩብ ሰዓት አይገኝም። የእናትን ትጋት እያወደሱ የሥርዓቱን ግፍ መሸፈን አድርባይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ ለሠራተኛዋ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት ብቻ ነበር የደነገገላት። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን 15 ሰዓት ማሠራትን ሕጋዊ ካደረገ ደንብ ሥር ያለች እናት ልጇን መቼ ልታስተምር ኖሯል? ሳዑዲ ዓረቢያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1996 ተቀብላለች። የአገራችንም መንግሥት በ1991 ተቀብሏል። የመማር መብት በስምምነቱ አንቀጽ 28 ላይ አለ። ኅብረታችን ይህን በየጊዜው ማንሣት አለበት።

ሌላው አስቸኳይ ነገር ማስረጃ ነው። ከኅዳር 2013ቱ አፈሳ ወዲህ፣ በ2017ም፣ ከመጋቢት 2022 በኋላም ወገኖቻችን በአውሮፕላን እየተጫኑ ተመልሰዋል። ማንኛውም ቤተሰብ ነገ ሊጠራ ይችላል። የአሥር ዓመት ልጅ ቦሌ ሲወርድ የትኛው ክፍል ይገባል? ስለዚህ እናቲቱ አንድ ደብተር ይዛለች፤ ቀኑ፣ የተማረችው፣ ያነበበችው ይጻፍበታል፣ የልጅቱም ጽሑፍ በየወሩ አንድ ገጽ ይቀመጣል። ተመልሳ ስትገባ የሚመድባት መምህር የሚያየው ነገር ይኖረዋል። ከዚህም ጋር የልደት ጉዳይ አለ። በዜግነት ዐዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከእናቱ ወይም ከአባቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ በውጭ አገር የተወለደ ኢትዮጵያዊ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይመዘገባል። የልጅቱ ልደት አልተመዘገበም ነበር። በጂዳ ባለው ቆንስላ ለማስመዝገብ ጉዳዩን ለመያዝ ክበባችን ሁለት ሰው መድቧል።

የዓርቡን ጉዞ አልተውነውም፣ ግን በወር አንድ ጊዜ አደረግነው። አሁን የምንሄደው ለእናቲቱ ነው። ከእሷ ጋር የሚቀጥለውን ወር ገበታ እንሠራለን፣ ልጅቱን የምታስተምረው እሷ ናት። ይህ ከተጀመረ ስምንት ወር ሆኖታል። ባለፈው ስንሄድ እናቲቱ በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈች ብጣሽ ወረቀት አሳየችን። ጧት ስትወጣ ለልጇ የጻፈችው ነው፦ «ምሳ ድስቱ ውስጥ አለ። አባትሽን አትቀስቅሺ።» ከሥሩ በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፣ ልጅቱ መልስ ጽፋለች፦ «በላሁ። እራሱ ተነሳ።»

ለሚቀጥለው ወር የሚላኩት ተረቶች ቁጥር አሥር ነው። እስከ አሁን የተቀዱት አራት ናቸው። ድምፁን መስጠት የሚፈልግ አባል ሐሙስ ማታ ከክበቡ ስብሰባ በፊት ይምጣ።